የአደባባይ ሥነ ጥበብ ምንድን ነው? የግድግዳ ጌጥ ማለት አይደለም

«ጣቢያዎቹ ተሠርተው ሲያልቁ ሥዕል ይሰቀልባቸዋል፤ የአደባባይ ሥነ ጥበብ ማለት ይኸው ነው።» ስለ አንድ አዲስ የከተማ ዳርቻ ባቡር መስመር የጻፈ ተንታኝ እንዲህ ይላል። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ተንታኙ በዚህ አያበቃም፤ ገንዘቡ ለተጨማሪ ፉርጎ ቢውል እንደሚሻልም ይመክራል። ሁለቱም ሐሳቦች የአንድ ስሕተት ልጆች ናቸው። ፉርጎውን ለጊዜው ላቆየውና ከስሕተቱ ልጀምር።

ጣቢያ ውስጥ ያለን ሥራ የአደባባይ ሥነ ጥበብ የሚያሰኘው ሕዝብ በአጠገቡ ማለፉ ብቻ አይደለም። በማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብም ሕዝብ ያልፋል። ልዩነቱ ሥራው የተሠራው ሊያየው ላልመጣ ሰው መሆኑ ነው። ሙዚየም የሚሄድ ሰው ጊዜ መድቦና ልቡን አዘጋጅቶ ይገባል። ከከተማ ዳርቻ ወደ ሥራ የሚመላለስ ሰው ግን ያንኑ ግድግዳ በዓመት ከ400 ጊዜ በላይ ያየዋል፤ ሲቸኩል፣ ሲደክመው፣ ሲከፋው፣ የተኛ ልጁን ታቅፎ። በመጀመሪያው ቀን አፍ የሚያስከፍት ሥራ በ50ኛው ቀን ሊታክት ይችላል። ስለዚህ ሠዓሊው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠናው የሰውን እግር ነው፦ ከየት ይመጣል፣ የት ይቆማል፣ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ዓይኑ የት ያርፋል?

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ደግሞ ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው። ልብስ ሰፊ ስለ ኪስ የሚያስበው መቀስ ከማንሣቱ በፊት ነው። የት እንደሚገባ፣ ከየትኛው ስፌት ጋር እንደሚጋጠም፣ እጅ ሲገባበት በየት በኩል እንደሚታጠፍ አስቦ ጨርቁን ይቆርጣል። ልብሱ ካለቀ በኋላ ከላይ የተለጠፈ ቁራጭም ከሩቅ ኪስ ይመስላል፤ ዕቃ ሲያዝበት ግን ይጎትታል፣ ልብሱንም ያጣምማል። የጣቢያ ሥነ ጥበብ ኪስ ነው። ሠዓሊውና መሐንዲሱ በአንድ ንድፍ ላይ አብረው ካላጎነበሱ የሚገኘው ልጥፍ ነው፤ ልጥፉ የቱንም ያህል ቢያምር።

በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በስቶክሆልም በተከፈተው የኦስተርማልምስቶርይ ጣቢያ ሲሪ ዴርከርት የሠራችውን ተመልከቱ። ስለ ሰላምና ስለ ሴቶች መብት የሚናገሩት ምስሎቿ አሸዋ በግፊት እየተረጨ በኮንክሪቱ ላይ የተቀረጹ ናቸው። ሥዕሉን ከግድግዳው ነጥሎ ማውረድ አይታሰብም። በዚያው ከተማ ማዕከላዊ ጣቢያ በ1975 ፔር ኡሎቭ ኡልትቬት የዋሻውን ጣሪያ በሰማያዊ ሐረግ ሲያለብሰው፣ መስመሩን የቆፈሩትንና የገነቡትን ሠራተኞች ጥላም በዚያው ሥሎላቸዋል። በየቀኑ በሥራቸው ሥር የሚያልፍ ሰው ቀና ሲል ያያቸዋል። ይህ ሥራ ወደ ሌላ ሕንፃ ቢዛወር ትርጉሙን ያጣል።

አሁን ወደ ፉርጎው። ተንታኙ ሥነ ጥበብን ለብቻው እንደሚገዛ ዕቃ ስለሚያይ በሌላ ዕቃ ሊለውጠው ይፈልጋል። በ2022 በተከፈተው የለንደኑ የባቡር መስመር፣ በኤልዛቤት መስመር፣ ፓዲንግተን ጣቢያ ላይ ስፔንሰር ፊንች ደመናዎችን የሣለው በራሱ በመስታወቱ ጣሪያ ላይ ነው። ጣሪያው 120 ሜትር ይረዝማል፤ ደመና ኖረበትም አልኖረበትም መሠራቱ አይቀርም ነበር። በዚያ መስመር ለሥነ ጥበቡ የዋለው ገንዘብ የተገኘው በዋናነት ከለንደን ሲቲ አስተዳደርና ከደጋፊ ድርጅቶች እንጂ ለባቡር መግዣ ከተያዘው አይደለም። ፉርጎም ቢሆን ብቻውን አይገዛም፦ የመሳፈሪያው ወለል ርዝመት፣ የጥገና ጋራዡ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉ አብረው ይጠየቃሉ።

ከግንባታ ወጪ 1 በመቶ ለሥነ ጥበብ የመመደብ ልማድም በየጊዜው ይነሣል። ስዊድን በ1937 ጀምራዋለች፤ ፈረንሳይ በ1951 ከትምህርት ቤት ሕንፃዎች ተነሥታለች። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መቶኛው ሳይሆን ብዙ ጊዜ በውስጡ የማይካተተው የጥገና ወጪ ነው። ከፍሬንና ከብረት መንኮራኩር የሚነሣው ብናኝ ሁሉም ነገር ላይ ያርፋል፤ ማጽዳት የሚቻለው ደግሞ የመጨረሻው ባቡር ካለፈ በኋላ ባሉት ጥቂት የሌሊት ሰዓታት ነው። ከመሬት በታች የሚቀጣጠል ነገር አይፈቀድም። ነጂው በሚያይበት አቅጣጫ ከምልክት መብራት ጋር የሚምታታ ቀይ ወይም አረንጓዴ፣ ወይም የሚያንጸባርቅ ገጽ መኖር የለበትም። አንድ ጊዜ ሕንፃው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚላወስበትን ክፍተት አቋርጦ የተለጠፈ ሞዛይክ እንድጠግን ተጠራሁ። ስንጥቁ የክፍተቱን መስመር ይዞ ከላይ እስከ ታች ወርዶ ነበር። ሞዛይኩን የሠራችው ሴት በሙያዋ እንከን አልነበረባትም፤ የክፍተቱን ንድፍ ግን ማንም አላሳያትም።

ኪስም ችግር አለው፤ ልብሱን ለማስፋት ሲተረተር እሱም ይነካል። ኤድዋርዶ ፓዎሎዚ በ1980ዎቹ የለንደኑን ቶተንሃም ኮርት ሮድ ጣቢያ በሞዛይክ አልብሶት ነበር። ጣቢያው ለኤልዛቤት መስመር ሲሰፋ አብዛኛው ሥራ ቢተርፍም ከተንቀሳቃሽ ደረጃዎቹ በላይ የነበሩት ቅስቶች በ2015 ፈረሱ፤ ስብርባሪያቸው ወደ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተወሰደ። ስለዚህ ጣቢያው ወደፊት ሲለወጥ ሥራው ምን እንደሚሆን ውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

«ታዲያ ያለቀ ጣቢያ ተስፋ የለውም?» የሚል ይኖራል። አለው። ማርክ ዎሊንገር በ2013 የሠራቸው፣ በሰሌዳ ላይ የተሣሉ 270 ጠመዝማዛ መንገዶች የገቡት አብዛኞቹ ከተሠሩ አሥርት ዓመታት ባለፏቸው የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ነው። ለእያንዳንዱ ጣቢያ የተለየ ንድፍ ሠርቶለታል። የመረጠውም የጣቢያዎቹ የስም ሰሌዳዎች የሚሠሩበትን ያንኑ በብረት ላይ የሚቀለጥ መስታወታማ ቅብ ነው። ዘግይቶ የገባ ቢሆንም ከዚያው ጨርቅ የተቆረጠ ኪስ ነው። በጠመዝማዛው መንገድ መግቢያ ላይ ቀይ ምልክት አለ። ጣትን እዚያ አሳርፎ ባቡሩ እስኪመጣ መንገዱን መከተል ይቻላል።