የአቃቂ ቃሊቲ የኢንዱስትሪ ቀጠና፦ መሬቱ፣ ደንቡና ወንዙ

አቃቂ የፋብሪካ ሠፈር የሆነው ፕላን አዝዞት አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሐዲዱ ያለፈው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ የደብረ ዘይት መንገድ አጠገቡ ነው፤ ውኃውም ከደጅ ይገኛል። የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የመለዋወጫና የምግብ ፋብሪካዎች በየዘመኑ እየመጡ የተተከሉት ባቡር፣ መንገድና ውኃ ፈልገው ነው። ሠራተኛውም ከፋብሪካው አጥር ሥር ጎጆውን ቀለሰ። የከተማው ፕላን ሲመጣ ይህን ሁሉ ቆሞ አገኘው። በካርታ ላይ «ኢንዱስትሪ» ብሎ ቀለም የቀባው አስቀድሞ ጭስ ይወጣበት የነበረውን ቦታ ነው። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ስለ መሬት አጠቃቀም የሚነሡትን ጉዳዮች ለመረዳት ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ ያስፈልጋል።

ደንቡ በአንድ መጽሐፍ ተጠቃሎ አይገኝም። መሠረቱ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። አዋጁ ሁለት ዓይነት የከተማ ፕላን ያውቃል። መዋቅራዊ ፕላን የከተማዋን ዕድገት አቅጣጫና ዋና ዋና የመሬት አጠቃቀሞች ለ10 ዓመት ይወስናል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ታች ወርዶ የውስጥ መንገዱን፣ የሕንፃውን ከፍታና ክፍት ቦታውን በዝርዝር ያስቀምጣል። አዲስ አበባ የምትመራበት መዋቅራዊ ፕላን ሥራ ላይ የዋለው በ2009 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ቀጠና ፋብሪካ ለመትከል መሬቱ በሊዝ ይገኛል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የኢንዱስትሪ ይዞታ ዘመን በአዲስ አበባ 70 ዓመት፣ በሌሎች ከተሞች 80 ዓመት ነው። ይህን ቁጥር ባለሀብቱ እንደ ዋስትና ያየዋል፤ ልክ ነው። ለጎረቤቱ ግን ሌላ ትርጉም አለው። ቦታው በስህተት ከተመረጠ ስህተቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። መሬቱ ከተገኘ በኋላ የፕላን ስምምነት ይጠየቃል፤ ማለትም ሊሠራ የታሰበው ነገር ቦታው ከተመደበበት አገልግሎት ጋር መስማማቱ ይረጋገጣል። ከዚያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አለ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ይህ ሳይጸድቅለት ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል።

የግንባታ ፈቃዱ በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ይመራል። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ፋብሪካና ወርክሾፕን ከጥብቁ ምድብ «ሐ» ውስጥ አስገብቷቸዋል። በዚያው ምድብ ያሉት የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችና ከምድር ወለሉ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሕንፃዎች ናቸው። ባለ አንድ ወለል ዝቅተኛ ሼድም ቢሆን ፋብሪካ እስከሆነ ድረስ ከፎቅ እኩል ይታያል። ይህ አመዳደብ ተገቢ ይመስለኛል፤ ቦይለርና ኬሚካል ያለበት ቤት አደጋው በቁመቱ አይለካም።

ከመስፈርቶቹ ሁሉ ነዋሪው በየሌሊቱ የሚፈትነው የድምፅ ገደቡን ነው። በኢትዮጵያ የአካባቢ ደረጃ ለኢንዱስትሪ ቀጠና የተፈቀደው ቀን 75፣ ሌሊት 70 ዴሲቤል ነው። ለንግድ አካባቢ 65 እና 55፣ ለመኖሪያ ደግሞ 55 እና 45 ነው። በኢንዱስትሪውና በመኖሪያው መካከል ሌሊት ያለው ልዩነት 25 ዴሲቤል ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዴሲቤል ግን እንደ ኪሎ እየተደመረ የሚሄድ መለኪያ አይደለም። በድምፅ ኃይል ሲሰላ 25 ዴሲቤል ከ300 እጥፍ በላይ ልዩነት አለው። ክፍት ሜዳ ላይ ያለ ጀነሬተር ድምፁ የሚቀንሰው ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ያህል ነው። 10 ሜትር ላይ 70 የሚለካ ጀነሬተር ያለ መከለያ ወደ 45 የሚወርደው 180 ሜትር ገደማ ተርቆ ነው። አሁን አንድ የአቃቂ መንደር ይታሰብ፤ የፋብሪካው አጥር ግንብ የመኖሪያ ግቢው ግንብም ነው። ሁለቱ ገደቦች በአንድ ግንብ ላይ ሊከበሩ አይችሉም። ስለዚህ በካርታው ላይ በኢንዱስትሪውና በመኖሪያው ቀለም መካከል ዛፍ የተተከለበት ሰፊ መከላከያ ቀጠና ወይም መጋዘንን የመሰለ ጸጥ ያለ አገልግሎት መኖር አለበት። በቂሊንጦ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ከተሠሩ ወዲህ ደቡቡ የከተማዋ ክፍል በሰው ተሞልቷል፤ በዚህ አካባቢ የመከላከያ ቀጠና ጉዳይ ለነገ የሚባል አይደለም።

ከድምፁ የሚብሰው ግን ውኃው ነው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያ የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው በዚያ ግድብ ላይ ነበር። በወንዞቹ ዳርና ዳር ገበሬው በሞተር ፓምፕ ውኃ እየሳበ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለማል፤ ምርቱም በአዲስ አበባ ገበያዎች ይሸጣል። ከዚሁ መሬት ሥር ደግሞ ከተማዋ የመጠጥ ውኃ የምትቀዳባቸው የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። በአንድ ክፍለ ከተማ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የጓሮ አትክልትና የመጠጥ ውኃ ተጎራብተዋል።

የፍሳሽ ገደቡ ቁጥር አለው። ወደ ወንዝ የሚለቀቅ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ማለፍ የለበትም፤ የአሲድነት መጠኑ (ፒኤች) ከ6 እስከ 9፣ ጠቅላላ ክሮሚየሙ በሊትር ከ2 ሚሊግራም ያልበለጠ፣ መርዛማው ባለ ስድስት ክሮሚየም ደግሞ ከ0.1 ያልበለጠ መሆን አለበት። በክሮም የለፋ ቆዳ ከበርሜሉ ሲወጣ ሰማያዊ ነው፤ የለፋበትም ውኃ እንዲሁ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። ቆዳው ያልመጠጠው ክሮም የሚቀረው እዚያ ውኃ ውስጥ ነው። ያ ውኃ ተለይቶ ካልታከመና ከሌላው እጥበት ጋር ከተቀላቀለ ቀጥኖ ገደቡን ያከበረ ይመስላል፤ ወንዙ የሚቀበለው ክሮም ግን በክብደት ያው ነው። ብዙዎቹ ቆዳ ፋብሪካዎች የተተከሉት ደግሞ ከአቃቂ ቃሊቲ በላይ፣ በትንሹ አቃቂ ዳር ነው። የቀጠናው ወሰን ካርታ ላይ ያልቃል፤ ውኃው ግን የወሰን ምልክት አያውቅም። ስለሆነም ታችኛው ክፍለ ከተማ የራሱን ፋብሪካዎች በሙሉ ቢቆጣጠር እንኳ ገበሬው ንጹሕ ውኃ አያገኝም።

የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 ቀድሞ ሥራ ላይ ለነበሩ ፋብሪካዎች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የ5 ዓመት የእፎይታ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ማጣሪያ መትከል አንድ ነገር ነው፤ መብራት ሲጠፋና ወጪ ሲበዛም ማጣሪያውን ቀን ከሌት ማሠራት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ናሙና ከፍሳሽ መውጫው ላይ መቀዳት ያለበት በቀን ፈረቃ ብቻ ሳይሆን በሌሊትና በዝናብ ጊዜም ነው። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ምን እንደተለቀቀበት በዓይን አይለይም።

የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886/2007 ሲወጣ ነገሩ ተገለበጠ፤ መሬቱ ተከልሎ፣ መንገዱ፣ መብራቱና ማጣሪያው ተዘጋጅቶ፣ ፋብሪካው ከዚያ በኋላ እንዲመጣ ሆነ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተነሣው ፍሳሽ ወደ ውጭ ከማይለቅ የጋራ ማጣሪያ ጋር ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ጨውና ቀለም እዚያው ይቀራል። ለዚህ ሲባል የማቅለሚያው ውኃ ተጣርቶ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ ጨው የበዛበት ትርፍ ውኃም ተንኖ የሚቀረው ደረቅ ጨው ነው። በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚ ለአልባሳት፣ በአቃቂ ቃሊቲ ያለው የቂሊንጦ ፓርክ ደግሞ ለመድኃኒት ማምረቻ የተከለሉት በዚሁ አሠራር ነው። የፓርኮቹን አዋጅ የተካው የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016 ንግድና ሎጂስቲክስም ከማምረቻው ጋር በአንድ ክልል እንዲሠሩ ፈቅዷል።

ፓርክ ውስጥ ያልገቡት የአቃቂ አሮጌ ግቢዎች ግን እዚያው አሉ። የከተማው መሬት እየተወደደ ሲሄድ ከእነዚህ ግቢዎች ከፊሎቹ ወደ ቅይጥ አገልግሎት መለወጣቸው አይቀርም። ብረት የተቀለጠበትና ጨርቅ የተነከረበት አፈር ቤት ሊሠራበት፣ ልጅ ሊጫወትበት ሲታሰብ ከፕላን ስምምነቱ አስቀድሞ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩም ከሥሩ ያለው ውኃም መመርመር አለበት። እዚያ መሬት ሥር የሚወርደው ነገር መጨረሻው ከተማዋ ከምትጠጣው ጉድጓድ ነው።