በመጠጥ ልማድና በምግብ ፍላጎት ጥናት በፈቃደኝነት መሳተፍ ምንድን ነው?

በሥነ ልቦና ጥናት በፈቃደኝነት መሳተፍ ማለት፣ አንድ ሰው ማንም ሳያስገድደው፣ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ተነግሮትና ባሰኘው ሰዓት ማቋረጥ እንደሚችል አውቆ፣ ልማዱንና ስሜቱን ተመራማሪዎች እንዲመዘግቡት መፍቀዱ ነው። ጥናቱ ስለ ማስታወስ ወይም ስለ ዕይታ ሲሆን ይህ ፈቃድ ብዙም አያስጨንቅም። ስለ መጠጥና ስለ ምግብ ፍላጎት ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሰው በሳምንት ስንት ብርጭቆ እንደሚጠጣ ወይም ከጠገበ በኋላ ለምን መብላቱን እንደማያቆም ሲጠየቅ፣ ከመልሱ ጋር ኀፍረትም፣ ኩራትም፣ ትዝብትን መፍራትም አብረው ይመጣሉ። በዚህ ላይ በዘርፉ ጎልቶ የሚታይ አንድ ችግር አለ፤ የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ ለተሳታፊው በግልጽ ከተነገረው፣ የሚለካው ነገር ራሱ ይለወጣል። እንግዲህ ፈቃድ ሙሉ የሚሆነው ሁሉን በማወቅ ነው ከተባለ፣ ሁሉን ማወቅ ጥናቱን የሚያበላሽ ሲሆን ፈቃዱ እንዴት ሙሉ ሊሆን ይችላል?

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በመጠይቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና ኦዲት (AUDIT) በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የአልኮል አጠጣጥ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ በየስንት ጊዜው እንደሚጠጡ፣ በሚጠጡበት ቀን ምን ያህል እንደሚጠጡ፣ ከጀመሩ በኋላ ማቆም አቅቷችሁ ያውቃል ወይ፣ በመጠጡ ሳቢያ የተጎዳ ሰው አለ ወይ የሚሉት ይገኙበታል። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ስለሚያገኝ ድምሩ እስከ 40 ይደርሳል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ማምጣትም አጠጣጡ ለጉዳት ሊዳርግ እንደሚችል ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ሌላው መንገድ የቀን መቁጠሪያ ዘርግቶ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ተሳታፊው በደንብ የሚያስታውሳቸውን ቀኖች፣ ለምሳሌ የልደት ቀንን፣ የደመወዝ ቀንን ወይም የጉዞ ቀንን ካሰፈረ በኋላ፣ በየዕለቱ የጠጣውን በእነዚያ ዙሪያ እያስታወሰ ይሞላል። እዚህ ላይ «አንድ ብርጭቆ» የሚለው አነጋገር ራሱ ያስቸግራል። በብሪታንያ አንድ የመጠጥ መለኪያ 8 ግራም ንጹሕ አልኮል ሲሆን በአሜሪካ 14 ግራም ነው፤ ሰው በቤቱ የሚቀዳው ደግሞ ከሁለቱም ጋር ላይገናኝ ይችላል። በብዙ አገሮች ሰዎች ጠጣን የሚሉት ሲደመር ከተሸጠው እጅግ ያንሳል። ይህ የሆነው ሁሉም ስለሚዋሽ አይደለም፤ ገሚሱ ስለሚረሳ፣ ገሚሱ የብርጭቆውን ልክ አሳንሶ ስለሚገምት፣ አብዝተው የሚጠጡትም ብዙ ጊዜ በመጠይቁ ስለማይገኙ ጭምር ነው።

የምግብ ፍላጎትን መለካት የራሱ ፈተና አለው፤ ረሃብ የሚሰፈርበት ብርጭቆ የለምና። በጣም የተለመደው መሣሪያ 100 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ መስመር ነው። በአንደኛው ጫፍ «ምንም አልራበኝም»፣ በሌላኛው «ከዚህ በላይ ሊርበኝ አይችልም» ተብሎ ተጽፎ፣ ተሳታፊው በዚያች ሰዓት ያለበትን ቦታ በእስክሪብቶ ይጭርበታል፤ ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላ፣ ከዚያም በየግማሽ ሰዓቱ እንዲሁ ያደርጋል። ቀድሞ ነገሩ ከዚህ ይልቅ ሆድ ድረስ የሚዘልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 የሰውነትን አሠራር ያጠና ከነበረው ከአሜሪካዊው ተመራማሪ ከዋልተር ካነን ጋር ይሠራ የነበረው አርተር ዋሽበርን ፊኛ የተገጠመበት ቱቦ ውጦ፣ ፊኛው ጨጓራው ውስጥ ተነፍቶ፣ ረሃብ በተሰማው ቁጥር ቁልፍ እየተጫነ ያመለክት ነበር፤ የጨጓራው መኮማተርና የረሃቡ ስሜትም አብረው ሲመጡ ታዩ። ይሁን እንጂ ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሰዎችም እንደሚራቡ በኋላ በመታወቁ፣ ረሃብ የጨጓራ ብቻ ጉዳይ አለመሆኑ ተረጋገጠ።

ዛሬ በቤተ ሙከራ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ተሳታፊዋ ለሦስት ሰዓት ያህል ምግብ ሳትቀምስ እንድትመጣ ተነግሯታል። ጠረጴዛው ላይ በሦስት ሳህን ብስኩት ቀርቦላታል፤ እያንዳንዱን እየቀመሰች ጣፋጭነቱን፣ ጨዋማነቱንና ጥርስ ላይ የሚሰጠውን ስሜት እንድትመዝን፣ የተረፈውንም የፈለገችውን ያህል እንድትበላ ተነግሯት ለብቻዋ ትተዋለች። እርሷ ስለ ጣዕሙ በጥንቃቄ ስትጽፍ ትቆያለች። ከወጣች በኋላ ግን ተመራማሪው መጀመሪያ የሚያደርገው ሳህኖቹን መመዘን ነው፤ ሊያውቅ የፈለገው ምን ያህል እንደበላች ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ከተዋወቁት መሣሪያዎች አንዱ ደግሞ ሚዛኑን ከሳህኑ ሥር ደብቆ እያንዳንዱ ጉርሻ ሳህኑን ስንት ግራም እንዳቀለለው ይመዘግባል። «ምን ያህል እንደምትበዪ እንለካለን» ብሎ ቢነገራት ኖሮ የምትበላው የሚታዘቧት ሰዎች ፊት የምትበላውን ያህል ይሆን ነበር።

ይኸው የቅምሻ ዘዴ ለመጠጥ ሲውል ያስገኘው ውጤት፣ በእኔ አስተያየት፣ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪው አለን ማርላትና ባልደረቦቹ የአልኮል ሱስ ያለባቸውንና በመጠኑ የሚጠጡትን ሰዎች በአራት ቡድን መደቧቸው። አንዳንዶቹ ቮድካ በቶኒክ፣ ማለትም አልኮል በሌለው መራራ ለስላሳ መጠጥ፣ እንደሚጠጡ ተነግሯቸው እውነትም እርሱን ጠጡ፤ አንዳንዶቹ ቮድካ አለበት ተብለው ቶኒክ ብቻ ጠጡ፤ ሌሎቹ ደግሞ ቶኒክ ብቻ ነው ተብለው ቮድካ ያለበትን ጠጡ፤ የቀሩት ቶኒክ ተብለው ቶኒክ ጠጡ። ብዙ የጠጡት አልኮል የተሰጣቸው ሳይሆኑ አልኮል እንደተሰጣቸው ያመኑት ሆኑ፤ ይህም ሱሰኞች የተባሉትን ይጨምራል። የሱስ ሰው አንድ ጊዜ ከቀመሰ አልኮሉ ራሱ እየገፋ እንዳያቆም ያደርገዋል የሚለው ጠንካራ እምነት በዚህ ተፈተነ። ይህንን ለማወቅ ግን የግድ ለተወሰኑ ሰዎች እውነት ያልሆነ ነገር መንገር አስፈልጓል።

ከላይ ለተነሣው ጥያቄ የሚሰጠው መልስም እዚህ ላይ ይመጣል። በሰዎች ላይ ሙከራ ያደረጉ የናዚ ሐኪሞች ከተዳኙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑርንበርግ የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ በፈቃድ መስማማትን ከሁሉ አስቀድሞ አኑሮታል፤ በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ያጸደቀው የሄልሲንኪ መግለጫም ይህንኑ ያጠናከረ ሲሆን፣ በ2024 ሲሻሻል ጥናት የሚደረግባቸውን ሰዎች «ተሳታፊዎች» ብሎ መጥራት ጀምሯል። በቋንቋችን «ተጠኚ» ማለትና «ተሳታፊ» ማለት ምን ያህል እንደሚራራቁ አንባቢ ያውቃል። በተግባር የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ዓላማውን መደበቅን የሚፈቅደው፣ ሌላ መንገድ አለመኖሩን ተመራማሪው ሲያስረዳና የተደበቀው ነገር የሰውየውን ደኅንነት የማይነካ ሲሆን ብቻ ነው። ምን እንደሚጠጣ፣ ምን ያህል አልኮል ሊኖርበት እንደሚችል፣ ምን ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል መደበቅ አይፈቀድም፤ ሊደበቅ የሚችለው የሚለካው ነገር ወይም ከሁለቱ ብርጭቆ የትኛው እንደደረሰው ነው። መጨረሻ ላይም ሁሉ ነገር ይገለጥለታል፤ ይህ የማብራሪያ ክፍል የሚሉት ነው። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ጥናት ፈቃድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን ሁለቴ የሚሰጥ ነው ቢባል ይቀላል፤ በመግቢያው «የማልነገረው ነገር ሊኖር እንደሚችል አውቄ እስማማለሁ» ይላል፣ በመውጫው ሁሉን ሰምቶ «መረጃዬን ተጠቀሙበት» ወይም «አትጠቀሙበት» ይላል። ሁለተኛውን ጥያቄ የማይጠይቅ ጥናት የሰውየውን ፈቃድ በግማሽ ነው የወሰደው።

ፈቃደኝነት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የሚያሳየው የሚኒሶታው የረሃብ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 ባሉት ወራት፣ በሕሊናቸው ምክንያት ጦር አንይዝም ያሉ 36 ወጣቶች በተመራማሪው አንሴል ኪስ መሪነት ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ተቀንሶባቸው ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። አሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ ሳህን የሚልሱ፣ የማብሰያ መጻሕፍት የሚያነብቡና የምግብ አሠራር የሚሰበስቡ ነበሩ። በጦርነት የተራቡ ሰዎች እንዴት እንደሚያገግሙ ለማወቅ ሲሉ ወድደው የገቡበት ነው። ያም ሆኖ፣ ሌላው አማራጭ ሌላ የግዴታ አገልግሎት ለነበረ ሰው «ወድጄ ነው» ማለት ምን ያህል ነጻ እንደሚሆን መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

መጠጥና ምግብ ፍላጎት አብረው የሚጠኑት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ግራም አልኮል 7 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ጉልበት አለው፤ ይህም ከስኳር ይልቅ ወደ ስብ የሚቀርብ ነው። ሰውነት ይህን ያህል ጉልበት አግኝቶ ረሃብ ሊቀንስለት ሲገባ፣ ከምግብ በፊት የጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጠጣ ከሚበላው በላይ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት አልኮል በአንጎል ውስጥ ረሃብን የሚቀሰቅሱ የነርቭ ሕዋሳትን እንደሚያነቃ ታይቷል። በሰው ላይ ግን የሕዋሳቱ ድርሻ ስንት፣ የልማድና የጨዋታው ድርሻ ስንት እንደሆነ ለመለየት ፈቃደኛ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

አልኮል የሚሰጥበት ጥናት ሁሉን ሰው አይቀበልም። ነፍሰ ጡሮች፣ ከአልኮል ጋር የማይስማማ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ዕድሜያቸው ለመጠጥ ያልደረሰና ከሱስ ለመላቀቅ የሚጥሩ ሰዎች በአብዛኛው በመግቢያው ይለያሉ፤ የሚሰጠው መጠን በክብደት ይሰላል፤ ከሥራው በኋላም በትንፋሽ መመርመሪያ የአልኮሉ መጠን እስኪወርድ ድረስ ተሳታፊው እዚያው ይቆያል፣ መኪናም እንዳይነዳ ይነገረዋል። በምግብ ጥናት ደግሞ አለርጂን አለመናገር አደጋ ነው፤ ከአመጋገብ ችግር ጋር የታገለ ሰውም ይህንኑ ሊናገር እንጂ በሆዱ ይዞ ሊገባ አይገባም።

ማን ይመዘገባል የሚለውም ውጤቱን ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ትንታኔ እንዳሳየው፣ በስድስት ዋና ዋና የሥነ ልቦና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው የዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከሚኖርባቸው በኢንዱስትሪ የበለጸጉ ምዕራባውያን አገሮች የመጡ ነበሩ። በዚያ ላይ ስለ መጠጡ መናገር የማያሳፍረው ሰው ቶሎ ሲመዘገብ የሚያፍረው ይቀራል። ስለዚህ «እኔ ብዙም አልጠጣም፣ ምን እጠቅማለሁ?» የሚል ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚፈለግ ሊሆን ይችላል።

ከመፈረም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። መረጃው ከስም ተለይቶ በኮድ ብቻ ከተቀመጠና ኮዱን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ከጠፋ በኋላ፣ የማን መልስ የማን እንደሆነ ተመራማሪውም ስለማያውቅ «መረጃዬን አውጡልኝ» ማለት አይቻልም። ይህ የሚሆንበት ቀን በስምምነት ቅጹ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ ካልተጻፈም ተሳታፊው ጠይቆ በቅጹ ላይ እንዲሰፍርለት ማድረግ ይችላል።