እጨጌ ዕንባቆም እና የማሩ ጠብታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በአራት ኪሎና በፒያሳ አድባራት ቀብር የሚቆም ሰው በዚህ ሰሞን የሚያየው ነገር ልብ ያሳዝናል። ካህናቱ ፍትሐት እያደረሱ ሳለ፣ ከአስከሬኑ ጥቂት እልፍ ብለው የቆሙ ለቀስተኞች ስለ ኮንዶሚኒየም ዋጋና ስለ ምንዛሪ ይጫወታሉ። «ይህች ዓለም ኃላፊ ናት» ብሎ ያጽናናው አንደበት፣ አርባው ሳይወጣ በቤት ካርታ ወንድሙን ሊከስ ፍርድ ቤት ይቆማል። ሐዋርያው ያዕቆብ «ሕይወታችሁ ምንድር ነው? ጥቂት ጊዜ ታይቶ ኋላ እንደሚጠፋ እንፋሎት ናችሁና» (ያዕ. 4፥14) ሲል የገሠጸው «እንነግዳለን፣ እናተርፋለን» የሚሉትን ነበር፤ እኛ ግን ቃሉን ለለቅሶ ቤት ማድመቂያ አደረግነው።

ይህን ጥቅስ ሳነብ ልቤ ወደ እጨጌ ዕንባቆም ይሄዳል። በየመን ተወልደው በእስልምና ያደጉት እኒህ አባት ወደ ሀገራችን መጥተው ተጠመቁ፣ መነኰሱ፣ በኋላም በደብረ ሊባኖስ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት መንበር ተቀምጠው እጨጌ፣ ማለትም የገዳሙ አለቃ፣ ሆኑ። ዐረብኛ ያውቁ ስለ ነበር በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1553፣ በራላም ወይዋስፍ የተባለውን መጽሐፍ ወደ ግእዝ መለሱልን።

በዚያ መጽሐፍ መናኙ በራላም ነጋዴ መስሎ ወደ ንጉሡ ልጅ ወደ ይዋስፍ ይገባና ምሳሌ ይነግረዋል። አንድ ሰው አውሬ ሲያሳድደው ጕድጓድ ውስጥ ይወድቃል፤ ሲወድቅም ዛፍ ይዞ ይንጠለጠላል። ወደ ታች ቢያይ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ ወደ ሥሩ ቢያይ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቍር የሆኑ ሁለት አይጦች ዛፉን ይቈረጥማሉ። ከቅርንጫፉ ግን ጥቂት ማር ይንጠባጠባል፤ ሰውየውም አውሬውንም፣ ዘንዶውንም፣ አይጦቹንም ረስቶ ማሩን ይልሳል። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው፤ ዛፉም ዕድሜያችን ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ከዘንዶው ይልቅ የማሩ ማነስ ነው። የምንካሰስበት መሬት ስንት ካሬ ነው?

ደግሞ ሌላ ስሕተት አለ። አንዳንድ ወጣቶቻችን «ሁሉም ከንቱ ከሆነ ለምን እደክማለሁ?» ብለው ትምህርቱንም ሥራውንም ይተዋሉ፤ ይህንንም ምናኔ ይሉታል። እጨጌ ዕንባቆም ግን ገዳማቸው ደብረ ሊባኖስ በግራኝ አሕመድ ጦርነት በተቃጠለበት ዘመን የኖሩ፣ ይህን መጽሐፍም ጦርነቱ ካበቃ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው የተረጐሙ ናቸው። ብራና እንዴት እንደሚነድ እያወቁ እንደገና ብራና ላይ ጻፉ፤ ዓለም ኃላፊ መሆኗን የሚነግረው መጽሐፍ እኛ ዘንድ የደረሰው ያልታከተ እጅ ስለ ጻፈው ነው። በቅርብ ሰው የተለያችሁና ልባችሁ ለሥራ አልነሣ ያላችሁ፣ ከእኒህ አባት ሕይወት መጽናናትን ውሰዱ።

እናንተ በውርስ የተካሰሳችሁ ግን የቀጠሮውን ቀን አትጠብቁ፤ የሟቹ አርባ ሳይደርስ የንስሐ አባታችሁን ይዛችሁ ወደ ወንድማችሁ ቤት ሂዱ።