ሞድላሮይት ምንድን ናት? ጅረት ለሁለት የከፈላት «ትንሿ በርሊን»

ታንባኽ ወንዝ ለመባል አይበቃም። ጅረት ነው። ትንሽ ተንደርደር ያለ ጎረምሳ እግሩን ሳያረጥብ ይሻገረዋል። ግራና ቀኙ ላይ ጥቂት የገበሬ ቤቶችና ጎተራዎች አሉ፤ ከዚያ ወዲያ እርሻና ደን ነው። ነዋሪው በጠቅላላ 50 ሰው ቢሆን ነው። ሞድላሮይት ማለት ይህችው ናት።

እንዲህ ያለች መንደር ጀርመን ውስጥ ሞልታለች። ይህችን የሚለያት ጅረቱ ነው። በስተደቡብ ያለው ዳርቻ የባቫሪያ ክልል ሲሆን የሚተዳደረው በቶፐን ሥር ነው። በስተሰሜን ያለው ደግሞ የቱሪንገን ክልል ነው፤ ገፌል የምትባል ትንሽ ከተማ ታስተዳድረዋለች። አንድ መንደር፣ ሁለት ክልል።

ቅርቧ ያለች ትልቅ ከተማ ሆፍ ናት፤ በመኪና 20 ደቂቃ ገደማ ቢያስኬድ ነው። አካባቢው ደጋ ነው። ብርዱ ከማየሉ የተነሳ ጀርመኖች «የባቫሪያ ሳይቤሪያ» እያሉ ይቀልዱበታል። የመንደሯ ስም መጨረሻ ላይ ያለው «ሮይት» ደን ተመንጥሮ የቀና መሬት ማለት ነው። በሙዚቃ ፌስቲቫሏ የምትታወቀው ባይሮይትም ይህንኑ ጭራ ይዛለች።

አሁን ወደ ታሪኩ። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው መንደሯን የከፈላት ቀዝቃዛው ጦርነት ይመስለዋል። አይደለም። መስመሩ ከዚያ ብዙ ይቀድማል። በ1810 ባቫሪያ የባይሮይትን ግዛት ከናፖሊዮን እጅ ተረከበች። ጅረቱን ተሻግሮ ያለው መሬት ግን የሮይስ መሳፍንት ነበር። (በነገራችን ላይ የሮይስ ቤት ወንዶች ሁሉ ስማቸው ሃይንሪኽ ነው፤ የሚለዩት በቁጥር ነው። እናት አንዱን ልጇን ስትጣራ ቤቱ ምን እንደሚመስል አስቡት።) እናም ጅረቱን ተከትሎ የወሰን ድንጋይ ተተከለ። ባንዱ ፊቱ «ካ ቤ»፣ የባቫሪያ ንጉሥ ግዛት ለማለት። በሌላው «ኤፍ ኤር»፣ የሮይስ መሳፍንት ግዛት ለማለት።

ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ድንጋዩን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። ግብር የሚከፈልበት ቦታ ይለያይ እንጂ ኑሮው አንድ ነበር። ትምህርት ቤቱና መጠጥ ቤቱ የሚገኙት በቱሪንገን በኩል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ደግሞ ሁሉም ወደ ቶፐን፣ ማለትም ወደ ባቫሪያ ነበር የሚወርደው። ባቫሪያ የተወለደ ልጅ ማዶ ተሻግሮ ይማራል። ማዶ ያደገች ልጅ ባቫሪያ ውስጥ ትዳራለች። እኛ «የወንዜ ልጅ» የምንለው ከአንድ ውሃ የጠጣውን ነው። ሞድላሮይቶች እንዲያ ነበሩ።

ነገሩ የተበላሸው በ1945 ነው። የጦርነቱ አሸናፊዎች ጀርመንን ሲከፋፈሉ አዲስ መስመር በማስመር ብዙ አልደከሙም። እዚህ አካባቢ የተከተሉት የቆየውን የክልል ወሰን ነው። ባቫሪያ ለአሜሪካኖች፣ ቱሪንገን ለሶቪየቶች። ያ የተረሳ ድንጋይ በአንድ ጊዜ የሁለት ዓለም ወሰን ሆኖ ቁጭ አለ። በ1949 ሁለት የጀርመን መንግሥታት ሲመሠረቱ ደግሞ የአገር ድንበር ሆነ፤ የባቫሪያው ዳርቻ ምዕራብ ጀርመን፣ የቱሪንገኑ ምሥራቅ ጀርመን። ያኔም ቢሆን መንደርተኛው ማለፊያ ወረቀት ይዞ መሻገር ይችል ነበር።

ግንቦት 26 ቀን 1952 ግን የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ድንበሩን ዘጋ። ከመስመሩ ጀምሮ 10 ሜትር መሬት ታረሰ፤ የሚረግጠው ሰው ዱካው እንዲታይ። ቀጥሎ ያለው 500 ሜትር ጥብቅ ክልል ሆነ። እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ደግሞ ያለ ፈቃድ መግባት ተከለከለ። «አይታመኑም» የተባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የድንበር ነዋሪዎች እቃቸውን በችኮላ አስጭነው ወደ ውስጥ አገር ተወሰዱ። ባለሥልጣናቱ እርስ በርስ ለዘመቻው የሰጡት ስም «ተባይ» ነበር። ሰውን ተባይ ካሉት በኋላ የሚቀረው ቀላል ነው።

ሞድላሮይት ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ከሰው ቁመት የሚበልጥ የሳንቃ አጥር ነው። ቆይቶ የሽቦ አጥር ተከተለ። በ1966 የኮንክሪት ግንብ ቆመ፤ ርዝመቱ 700 ሜትር፣ ከፍታው ከ3 ሜትር በላይ። ግንብ የሚሠራው ለከተማ ነው፤ ለገበሬ መንደር ሽቦ ይበቃ ነበር። እዚህ ግን ቤቶቹ ፊት ለፊት የሚተያዩ ስለሆነ እይታውም ጭምር መዘጋት ነበረበት። አሜሪካኖቹ ወታደሮች «ትንሿ በርሊን» የሚል ስም ያወጡላት በዚህ ምክንያት ነው።

የኑሮውን ክብደት የሚያሳየው ግን ከግንቡ ይልቅ ሰላምታው ነው። በምዕራቡ በኩል ያለ ሰው እስከ ጅረቱ ድረስ መጥቶ እጁን ማውለብለብ ይችላል። በምሥራቁ በኩል ያለው ግን መልሶ ማውለብለብ ክልክል ነው። ወንድምህ ማዶ ሆኖ እጁን ያነሣል። አንተ እንዳላየ ሆነህ ድርቆሽህን ትሰበስባለህ። ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ሌላ ከተማ የሚኖር ዘመድ እንኳ ለመጠየቅ ቢመጣ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በምዕራቡ በኩል ደግሞ ጎብኚ በአውቶብስ እየመጣ ግንቡን ያያል። ቤታቸው እንደ መካነ እንስሳት ሲጎበኝ ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

በ1973 አንድ ሰው በመሰላል ግንቡን ዘሎ አመለጠ። በ1983 ደግሞ ያኔ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዝዳንት የነበሩት ጆርጅ ቡሽ፣ ትልቁ፣ መጥተው ጎበኙ። ፕሬዝዳንት ኬኔዲ በርሊን ላይ «እኔ የበርሊን ሰው ነኝ» እንዳሉት ሁሉ በጀርመንኛ «እኔ የሞድላሮይት ሰው ነኝ» አሉ። ለ50 ሰው መንደር ትልቅ ቀን ነበር፤ ግንቡ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

የበርሊን ግንብ ኅዳር 9 ቀን 1989 ሲከፈት ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየ። ሞድላሮይት ግን ልክ አንድ ወር ጠበቀች። ታኅሣሥ 9 ቀን ለእግረኛ የሚሆን መተላለፊያ ተከፈተላት። ከጅረቱ ወዲህ ያለ ሰው ወዲያ ማዶ ላለው ጎረቤቱ ቡና ለመጠጣት 37 ዓመት ፈጅቶበታል ማለት ነው። ሰኔ 17 ቀን 1990 ኤክስካቫተር መጥቶ ግንቡን ማፍረስ ጀመረ። መንደርተኛው ግን ሁሉም ይፍረስ አላለም። 100 ሜትር ያህሉ ከነመጠበቂያ ማማው ቀርቶ የሁለቱን ጀርመኖች ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም ሆኗል። ዛሬ የሚሄድ ሰው የሚያየው ይህንን ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ ሞድላሮይት አንድ መንደር ሆነች? አልሆነችም። ግንቡ ሄደ፤ የ1810 መስመር ግን እንዳለ ነው። ዛሬም ሁለት ከንቲባ ነው ያላት። የፖስታ ቁጥሩ ወዲህ 95183፣ ወዲያ 07926 ነው። የስልክ መነሻ ቁጥሩም ለየቅል ነው። የመኪናው ታርጋ በባቫሪያ በኩል የሆፍን፣ በቱሪንገን በኩል የዛለ ኦርላን ፊደል ይዟል። ልጆቹ በተለያየ የትምህርት ሥርዓት ይማራሉ፤ የእረፍት ጊዜያቸውም ብዙውን ጊዜ አይገጥምም። ባቫሪያዎቹ «ግሩስ ጎት» ብለው ሰላም ይላሉ፤ የእግዜር ስም ያለበት፣ የእኛን «እግዜር ይስጥልኝ» ትንሽ የሚመስል። ማዶ ያሉት «ጉተን ታግ» ይላሉ።

እኔን በጣም የሚያስቀኝ በዓሉ ነው። ጥቅምት 31 ቀን የማርቲን ሉተር የተሐድሶ በዓል ነው፤ ቱሪንገን ሥራ ዝግ ነው። ባቫሪያ ይሠራል። በማግሥቱ፣ ኅዳር 1 ቀን፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው። አሁን ባቫሪያ ዝግ ነው፤ ቱሪንገን ይሠራል። በየዓመቱ የአንድ መንደር ሰዎች በተራ ያርፋሉ፤ ያረፈው ቡናውን ይዞ በመስኮት ሲያይ ማዶ ያለው ወደ ሥራ ይሄዳል። በነጋታው ተራው ይለወጣል።