ዋልያስ እና አይቤክስ፦ ሁለት ባንዶች፣ ሁለት ሆቴሎች

ዋልያስ ባንድ እና አይቤክስ ባንድ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ጎልተው የወጡ ሁለት የዘመናዊ ሙዚቃ ቡድኖች ናቸው (እዚህ የሰፈሩት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ስማቸውን የወሰዱት ከሰሜን ተራሮች ብርቅዬ እንስሳ፣ ከዋልያ ነው፤ በእንግሊዝኛ ዋልያ አይቤክስ ይባላል። ዋልያስ በሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል ይጫወት ስለነበር በስም የተቀራረቡትን የከተማው ሰው በሆቴላቸው ይለያቸው ነበር። በሸክላና በካሴት ላይ ግን ስማቸው ብዙውን ጊዜ ከሌላ ስም ጋር ተጣምሮ ነው የሚገኘው፦ «ማህሙድ አህመድ እና አይቤክስ ባንድ»፣ «ኃይሉ መርጊያ እና ዋልያስ ባንድ»። አድማጭ የመጀመሪያውን ስም ይይዛል፤ ሁለተኛው ይረሳል። ይህ ዳሰሳ በዋናነት ስለ ሁለተኛው ስም ነው።

ከእነርሱ በፊት

እስከ 1960ዎቹ ድረስ ዘመናዊ ሙዚቃ በመንግሥት ተቋማት እጅ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች እንዲሁም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞችን ያሠለጥናሉ፣ ደመወዝ ይከፍላሉ፣ መሣሪያም ያቀርባሉ። ሙዚቀኛው ከምሽት ክበብ ጋር ሲዋዋልም ነገሩ ብዙም አይለወጥም፤ መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ንብረት ነውና ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ተጫዋች ባዶ እጁን ይወጣል። እንደ ሶል ኢኮስ ያሉ ነጻ ባንዶች ብቅ ማለታቸውና የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 የመጀመሪያ ሸክላውን ማሳተሙ በሩን ከፈቱ። በዚያ በር በድፍረት ከገቡት መካከል ዋልያስና አይቤክስ ዋነኞቹ ናቸው።

ዋልያስ

የዋልያስ መሥራቾች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬነስ በተባለው የምሽት ክበብ አብረው ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች ናቸው። ከክበቡ ሲወጡ የገዛ መሣሪያቸውን ገዙ፤ ለዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የራሱ ድምፅ ማጉያና ኦርጋን ያለው ባንድ ከሆቴል ጋር የሚደራደረው እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ አንድ ድርጅት ነው። በተለያየ ጊዜ በባንዱ ከተጫወቱት መካከል ግርማ በየነ (ፒያኖ)፣ ኃይሉ መርጊያ (ኦርጋን)፣ ሞገስ ሀብቴ (ሳክስፎንና ዋሽንት)፣ ዮሐንስ ተኮላ (መለከት)፣ መላከ ገብሬ (ቤዝ ጊታር)፣ ማህሙድ አማን (ጊታር) እና ተማረ ሐረጉ (ድራም) ይጠቀሳሉ። ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን የተወለደ ሲሆን ገና በልጅነቱ በሠራዊት የሙዚቃ ክፍል አልፏል። ኦርጋን ላይ ከመቀመጡ በፊት የሚታወቀው በአኮርዲዮን ነበር፤ በኋላ በኦርጋን ያወጣው ረጅምና ተንሸራታች ዜማ የአኮርዲዮን ተጫዋች እጅ እንዳለበት ጠንቃቃ ጆሮ አይስተውም።

ሂልተን በ1969 ተከፍቶ ስለነበር ባንዱ ሲገባ ቤቱ ገና አዲስ ነበር። የባንዱ ወርቃማ ዘመን ግን ከከተማዋ ከባድ ዘመን ጋር ተገጣጠመ። በደርግ ሰዓት እላፊ ከታወጀ በኋላ ምሽት ላይ ለመዝናናት የወጣ ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፦ ወይ ከሰዓቱ በፊት ቤቱ መግባት፣ ወይ እስኪነጋ እዚያው ማደር። በሂልተን ብዙዎች ማደሩን መረጡ። በሩ ይዘጋል፣ ባንዱ ይቀጥላል፤ እንግዳው ወደ ቤቱ የሚሄደው ጎሕ ሲቀድ ነው። ይህን ያህል ሰዓት በዘፈን ብቻ መሙላት የሚችል ድምፃዊ የለም። ስለዚህ ባንዱ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወታቸው ዜማዎች እየበዙ ሄዱ፤ አንዱ ዜማ ይሳባል፣ ይመለሳል፣ ተራ በተራ ይወጡበታል።

ከእነዚህ ሌሊቶች የወጣው ዋና ሥራ በ1977 የታተመው «ቼ በለው» ነው። ሙሉ አልበም ያለ ድምፃዊ ማውጣት በዚያን ጊዜ እምብዛም ያልተለመደ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘውም እዚሁ ላይ ነው፦ ከሥር አጭር ሐረግ ሳይታክት ይዞራል፣ ከላይ መለከትና ሳክስፎን አንድ ዜማ በአንድ ድምፅ ይዘው ይገባሉ፣ ኦርጋኑ ክፍተቱን ይሞላል። ዜማው ከአገር ወጥቶ በውጭ ባንዶች እጅ ገብቷል፤ በ1998 ዳክታሪስ የተባለው የኒው ዮርክ ቡድን ቀርጾታል። ከኢትዮጵያ ከወጡ የመሣሪያ ሙዚቃዎች ሁሉ ይህን ያህል የተጓዘ ጥቂት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አልበሙ ያለ ግጥም የወጣው ለምንድን ነው? የሳንሱር መቀስ እንዳይነካው ነው የሚሉ አሉ፤ ግጥም የሌለው ዜማ ለገምጋሚ አስቸጋሪ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የሂልተንን ሌሊት ርዝመት ለሚያስብ ሰው ሌላ ምክንያት መፈለግ የግድ አይመስልም።

በ1981 አካባቢ ባንዱ ከማህሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በዚያች አገር ዞሮ የተጫወተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንድ እንደሆነ ይነገራል። አዳራሹን የሞሉት በአብዛኛው ስደተኛ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ። ከግርማ በቀር ሦስቱ ዋሽንግተን ውስጥ ዙላ ባንድን አቋቋሙ። ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት የዋልያስን ስም ይዘው በሂልተን ቀጠሉ።

አይቤክስ

የአይቤክስ መድረክ ከብሔራዊ ቴአትር አቅራቢያ የሚገኘው ራስ ሆቴል ነበር። ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ጊታር፣ ሰላም ስዩም ወልደማርያም በጊታር፣ ፈቃደ አምደመስቀል በሳክስፎን፣ ተስፋዬ መኮንን በድራም የባንዱ ምሰሶዎች ነበሩ። ዋልያስ በኦርጋኑ ሲታወቅ አይቤክስ የሚለየው በጊታርና በቤዙ ነው።

ባንዱ ከማህሙድ አህመድ ጋር መገናኘቱ ለሁለቱም ዕድል ሆነ። መርካቶ ያደገው ማህሙድ በልጅነቱ ጫማ እየጠረገ፣ ቀጥሎ በአሪዞና ክበብ የጉልበት ሥራ እየሠራ አድጎ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ስም ያወጣ ድምፃዊ ነው። ኦርኬስትራው ሲበተን ከአይቤክስ ጋር ሆነ፤ በ1975 «ኧረ መላ መላ» ወጣ። አሳታሚው ካይፋ ሪከርድስ ነው። ብራስ የበዛበትን የክብር ዘበኛ ድምፅ ለለመደ ጆሮ ይህ ሥራ እንግዳ ነበር፦ መለከቱ ቀንሶ የጆቫኒ ቤዝ እየተመላለሰ ዜማውን ይሸከማል፣ የማህሙድ ድምፅ ከላዩ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጂየም አሳታሚ ሲያወጣው አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በስፋት የሰማችበት የመጀመሪያው ሸክላ ሆነ። ያን ያህል ሙገሳ ሲጎርፍ ከ«እና» በኋላ ያለው ስም ግን እምብዛም አልተነሣም፤ ቅር ያሰኛል። «ጀጎል ነው ቤቷ»ም የዚሁ ጥምረት ፍሬ ነው።

አይቤክስ በ1976 የራሱን የመሣሪያ አልበም ቀርጿል። የተቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሲሆን ባለሙያው በወቅቱ አዲስ አበባ ይሠራ የነበረ ስዊድናዊ ነው። ሙዚቀኞቹ በየማታው የሚያውቁት ክፍል በመሆኑ የአዳራሹ ስፋት ራሱ በቅጂው ላይ ይሰማል። አልበሙ በውጭ አገር ለገበያ የቀረበው ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ሮሃና ዳህላክ

በ1970ዎቹ መጨረሻ አይቤክስ በላሊበላ ጥንታዊ ስም ሮሃ ባንድ ተባለ። በካሴቱ ዘመን አስቴር አወቀን፣ ኤፍሬም ታምሩንና ንዋይ ደበበን ያጀበ ባንድ ነው፤ ከ250 በላይ አልበሞች ሠርቷል እየተባለ በተደጋጋሚ ይጻፋል።

ዳህላክ ባንድ ደግሞ የግዮን ሆቴል ባንድ ነበር። ኃይሉ መርጊያ በ1978 «ወደ ሐረር ጉዞ»ን የሠራው ከዋልያስ ሳይሆን ከዳህላክ ጋር ነው፤ የባንድ ድንበር በስም እንጂ በሙዚቀኞች መካከል ጠንካራ እንዳልነበረ ያሳያል።

ዳግም ሕትመት

ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ያጣመረ ሥራ አውጥቶ ነበር። የዚህን ካሴት አንድ ቅጂ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ በዚያን ጊዜ የሚተዳደረው በታክሲ ሹፌርነት ነበር፤ ደሌስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ እየጠበቀ ኪቦርዱን ከኋላ ያወጣና ይለማመድ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ ከዋልያስ ጋር የሠራው «ትዝታ» በ2021 ዳግም ታትመዋል፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞችም ወጥተዋል። ግርማ በየነም በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር በአልበም ተመልሷል።

ሁለቱን ባንዶች ጎን ለጎን መስማት ለሚፈልግ «ቼ በለው»ን እና የ1976ቱን የአይቤክስ ቅጂ በተከታታይ መክፈት ይበቃል። ድምፃዊ ባለመኖሩ ማን ምን እንደሚጫወት ጥርት ብሎ ይለያል። «ኧረ መላ መላ» ሦስተኛ ቢመጣ ይሻላል፤ ቀድሞ የሰማው ሰው ከማህሙድ ድምፅ ሌላ ነገር ለማዳመጥ ይቸገራል።