ስለ አማተር ሬዲዮ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ልጅ ሆኜ ማታ ማታ አባቴ በአጭር ሞገድ ጣቢያ ሲፈልግ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። እሱ የሚፈልገው የአሜሪካ ድምፅን ወይም ዶይቸ ቬለን ነው። እኔን የሚስበኝ ግን በመሀል የሚሰማው ፉጨት ነበር። አልፎ አልፎ "ቲ ቲ ታ" የሚል ድምፅ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ማን ነው? ለማን ነው የሚልከው? ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የአማተር ሬዲዮ ፍቅሬም ከዚያ ይጀምራል፤ አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ በራሳቸው ሬዲዮ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነገር ነው።

ስለዚህ ነገር ባወራሁ ቁጥር የሚገጥሙኝ አባባሎች ግን ያው ናቸው።

"ኢንተርኔት እያለ ማን ይፈልገዋል?"

በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታትም ሁሉ እንደዚያው ናቸው) የህንድ አማተሮች ቡድን በህንድ ውቅያኖስ ወዳሉት የአንዳማን ደሴቶች ሄዶ ነበር። ለስራ አይደለም፤ ከዚያ ሩቅ ቦታ ሆነው ከመላው ዓለም አማተሮች ጋር ለመገናኘት ነው። ቡድኑን የምትመራው ባራቲ ፕራሳድ ነበረች። ታኅሣሥ 26 ሱናሚው መጣ። ስልክ ተቋረጠ። ለጨዋታ የተተከለው አንቴና በአንድ ጊዜ የሕይወት መስመር ሆነ። ማን እንደተረፈ፣ ምን እንደሚያስፈልግ ወደ ዋናው ምድር የሚነገረው በዚያ ሬዲዮ ነበር። ስልካችን ማማ፣ መብራትና ኬብል ይፈልጋል። ለአጭር ሞገድ ባትሪና ሽቦ ይበቃዋል።

"የሰላዮች ነገር ነው"

ይህን የሚሉኝ አብዛኛውን ጊዜ ታላላቆቻችን ናቸው፤ ስጋታቸውም ይገባኛል። ግን እውነቱ ተቃራኒው ነው። በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ መሠረት የተለያየ አገር አማተሮች ሲነጋገሩ መልእክታቸውን በምስጢር መቆለፍ አይችሉም። የጥሪ ምልክታቸውን፣ ማለትም ከፈቃዳቸው ጋር የሚሰጣቸውን የፊደልና የቁጥር መለያ፣ መናገርም ግዴታቸው ነው። ማንም ሰው ጆሮውን ከጣለ ይሰማቸዋል።

"ትልቅ መሣሪያና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል"

እዚህ ላይ ታሪኩን ልንገራችሁ፤ በጣም የምወደው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከ200 ሜትር ያጠሩ ሞገዶች ለረጅም ርቀት አይጠቅሙም ተብሎ ይታመን ነበር። "ለአማተሮቹ ስጧቸው" ተባለ። በኅዳር 1923 ግን አማተሮች በ110 ሜትር አካባቢ ሞገድ ከአሜሪካ ፈረንሳይ ድረስ ተነጋገሩ። ምስጢሩ ሰማይ ላይ ነው። አዮኖስፌር የሚባለው የአየር ንብርብር ሞገዱን ወደ ምድር ይመልሰዋል። አባቴ አውሮፓን ማታ ማታ የሚሰማውም በዚሁ መንገድ ነበር። ስለዚህ ዛሬም በ5 ዋት፣ ማለትም ከአንድ አነስተኛ አምፖል በማይበልጥ ኃይል፣ አህጉር ማቋረጥ ይቻላል። አማተሮች ከሚጠቀሙባቸው የአጭር ሞገድ ድግግሞሾች አንዱ ለሆነው 14 ሜጋኸርዝ የሚሆነው ቀላል አንቴና ርዝመቱ 10 ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ነው። ሁለት ዛፍ ካላችሁ ቦታ አላችሁ ማለት ነው።

"ሞርስ ያልቻለ አይገባም"

ሞርስ ፊደላትን በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚልክ ዘዴ ነው፤ ያ ልጅ ሆኜ የሰማሁት "ቲ ቲ ታ" ዓይነት። ግዴታው ግን ቀረ። ዓለም አቀፉ ግዴታ በ2003 ተነስቷል፤ አሜሪካም በ2007 ከፈቃድ ፈተናዋ አውጥታዋለች። እኔ ግን ሞርስ እወዳለሁ፤ ድምፅ በማይሰማበት ጫጫታ ውስጥ እሱ ይሰማል።

"ፈቃድ የሚያገኘው ኢንጂነር ብቻ ነው"

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ይህን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ነው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ጥያቄዎቹ አስቀድመው ታትመው የሚገኙ ናቸው። ዜግነትም ዕድሜም አይጠየቅም። ኢትዮጵያ ውስጥም ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ አይቻልም፤ ግን በሩ ጨርሶ የተዘጋ አይደለም። አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የጥሪ ምልክቱ ኢቲ 3 ኤኤ የሆነ የአማተር ክበብ ጣቢያ አለ። ከኢትዮጵያ የሚያስተላልፍ ጥቂት ስለሆነ "ኢቲ" ብሎ የሚጀምር ጥሪ ሲሰማ የዓለም አማተር ይሻማበታል። ልቤ ይሞቃል ያን ስሰማ።

"ያለፈበት ነገር ነው"

የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ በመጠቀች በአራት ዓመቷ፣ በ1961፣ አማተሮች ራሳቸው የሠሯት ሳተላይት መጠቀች። ኦስካር 1 ትባላለች፤ ክብደቷ 4.5 ኪሎ ገደማ ነበር። ዛሬ ደካማ ምልክት በኮምፒውተር የሚለየውን ኤፍቲ 8 የተባለ የመልእክት መለዋወጫ ዘዴ ከሠሩት አንዱ ጆ ቴይለር ነው፤ የ1993 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ። በ2018 የመጠቀችው የኳታር ሳተላይት ላይም የአማተር መሣሪያ አለ። እሷ ከአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ከፍ ብላ፣ ሳትንቀሳቀስ ትገኛለች።

መጀመር የሚፈልግ በመስማት ይጀምር። 145.800 ሜጋኸርዝን የሚይዝ መቀበያ ፈልጉ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በላያችሁ ሲያልፍ፣ ጠፈርተኞቹ ከተማሪዎች ጋር የሚያወሩ ከሆነ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ድምፃቸውን በቀጥታ ትሰማላችሁ።