አውሎ ነፋስና ጎርፍ ያደረሱትን ጉዳት በሳተላይት ምስል ካርታ ላይ ማስፈር

ኃይለኛ አውሎ ነፋስ አንድን አካባቢ መትቶ ሲያልፍ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠፋው ወሬ ነው። መብራት ይቋረጣል። የስልክ ማማ ይወድቃል። ድልድይ ይፈርሳል፣ መንገድ በውሃ ይዋጣል። ክፉኛ የተመታው መንደር ደግሞ ደውሎ "ድረሱልን" ማለት የማይችለው ራሱ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለእርዳታ ሠራተኞች የሚደርሰው መረጃ ብዙውን ጊዜ ስልክ ከሚሠራባቸው፣ ማለትም በአንጻሩ ከተረፉት ቦታዎች የሚመጣ ነው። የሳተላይት ካርታ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የማንንም ጥሪ ሳይጠብቅ ያያል።

ሁሉን ግን አያይም። ካርታው ላይ ባዶ ሆኖ የቀረ ቦታ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሳተላይቱ አላየውም ይሆናል። በእኔ እምነት ስለዚህ ሥራ ሲወራ በቂ ትኩረት የማያገኘው ይህ ነጥብ ነው።

ሥራው ባጭሩ ይህን ይመስላል። ከአደጋው በፊትና በኋላ የተነሱ ምስሎች ይነጻጸራሉ። ከዚያ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ፣ የትኛው ቤት እንደፈረሰ፣ የትኛው መንገድ እንደተቆረጠ ካርታ ላይ ይሰፍራል። ውሃ መፈለግና ፍርስራሽ መፈለግ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ምስላቸውም፣ ዘዴያቸውም፣ ስህተታቸውም ይለያያል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው የተሳካለት የአየር ሁኔታ ሳተላይት ቲሮስ 1 ወደ ጠፈር የመጠቀው ኤፕሪል 1 ቀን 1960 ነው። የእሱ ወራሾች፣ ለምሳሌ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የተቀመጡት የአሜሪካ ጎስ ሳተላይቶች፣ አውሎ ነፋሱን ራሱን በየደቂቃው ሊያነሱት ይችላሉ። ዓይኑንና መንገዱን ያሳያሉ። ቤት ግን አያሳዩም፤ በጣም ሩቅ ናቸው። መሬቱን ለማየት ዝቅ ብሎ የሚዞር ሳተላይት ያስፈልጋል። የዚህ ሥራ መሠረት የተጣለው በ1972 ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ምድር ቃኚ ሳተላይቶች የመጀመሪያው ሲመጥቅ ነው። በ2008 ደግሞ የላንድሳት ምስሎች በሙሉ በነፃ እንዲሰጡ ተወሰነ። ይህ ውሳኔ ብዙ ነገር ቀይሯል፤ ምክንያቱም "ከአደጋው በፊት" የሚለውን ምስል የምታገኘው ከማኅደር ነው፣ ማኅደሩ ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ማነጻጸር የሚችለው ገንዘብ ያለው ብቻ ነበር።

ውሃን በብርሃን መፈለግ

በተራ ካሜራ ዓይነት ምስል ውሃን መለየት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ውሃ ለዓይናችን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል፣ ቅጠልና አፈር ግን ይመልሱታል። በ1996 ማክፊተርስ የተባለ ተመራማሪ ይህን ልዩነት ወደ ቀላል ስሌት ቀየረው። ከአረንጓዴው ብርሃን ላይ ኢንፍራሬዱን ትቀንሳለህ፣ ለሁለቱ ድምር ታካፍላለህ። ውጤቱ ከዜሮ በላይ የሆነበት ቦታ ውሃ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በኋላ ማሻሻያዎች መጡ፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ችግሩ ደመና ነው። አውሎ ነፋስ ማለት ራሱ ደመና ነውና ምስሉ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ከላይ የሚታየው ነጭ ብቻ ነው። የአውሮፓው ሴንቲነል 2 አንድ ፒክሰሉ (ምስሉ የተሠራበት ትንሿ ነጥብ) 10 ሜትር ድረስ የወረደ ቆንጆ ምስል ይሰጣል፣ ሁለቱ ሳተላይቶች ተጋግዘው በየ5 ቀኑ ይመላለሳሉ፤ ያለፉበት ቀን ደመና ከሆነ ግን እስከሚቀጥለው መጠበቅ ነው። የደመና ጥላም ያታልላል። ጥቁር ስለሆነ ኮምፒውተሩ ውሃ ይለዋል።

ራዳር ሲመጣ

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። ራዳር የራሱን ጨረር ልኮ የተመለሰለትን ይለካል። ፀሐይ አያስፈልገውም፤ ሌሊትም ቀንም ይሠራል። ደመናም አያግደውም። በ2014 የመጠቀው የአውሮፓው የራዳር ሳተላይት ሴንቲነል 1 የሚጠቀመው ሞገድ 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ይህ ለደመና ጠብታዎች በጣም ረጅም ስለሆነ እንደሌሉ ቆጥሯቸው ያልፋል።

ጨረሩ የሚላከው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነው። ሻካራ መሬት ወይም እርሻ ላይ ሲያርፍ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ የተወሰነው ወደ ሳተላይቱ ይመለሳል፣ ቦታውም በምስሉ ላይ ግራጫ ይሆናል። ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ሲያርፍ ግን፣ መስታወት ላይ በሰያፍ እንደበራ ባትሪ፣ ነጥሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። የሚመለስ ነገር የለም። ውሃው ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

እንዲህ ያለ ምስል ሁለት ከፍተህ ጎን ለጎን ብታስቀምጥ፣ ከጎርፉ በፊት በተነሳው ላይ ወንዙ ቀጭን ጥቁር መስመር ነው። ከጎርፉ በኋላ በተነሳው ላይ መስመሩ አብጧል፣ ግራና ቀኝ ወደ እርሻው ተዘርግቷል፣ ትናንሽ ግራጫ ደሴቶች መሃሉ ላይ ቀርተዋል። እነዚያ ደሴቶች ከፍታ ቦታዎች ናቸው። ሰው የሚሸሸውም ወደዚያ ነው፤ ስለዚህ አንድ የነፍስ አድን ቡድን መጀመሪያ የሚያፈጥበት ጥቁሩን ሳይሆን ግራጫዋን ነው።

ከዚያ ስሌቱ ይቀጥላል። ከዚህ በታች ጥቁር የሆነ ፒክሰል ሁሉ ውሃ ነው የሚል መስፈርት ይወጣል። ድሮም የነበረ ሐይቅና ወንዝ ይቀነሳል፤ ለዚህ የአውሮፓ ኅብረት የጥምር ምርምር ማዕከል ከ1984 ጀምሮ ያሉ የላንድሳት ምስሎችን ተጠቅሞ የሠራው የዓለም የገጸ ምድር ውሃ ካርታ በሰፊው ያገለግላል። ቁልቁለታማ ቦታዎችም ይወጣሉ፣ ውሃ ተራራ ጎን ላይ አይቆምምና።

አሁን ስህተቶቹ። የአውሮፕላን ማረፊያ አስፋልትና ደረቅ አሸዋ ለስላሳ ስለሆኑ እንደ ውሃ ይጠቁራሉ። በተቃራኒው ነፋስ ውሃውን ሲያናውጠው ገጹ ሻካራ ይሆንና ውሃው መሬት ይመስላል። የተጥለቀለቀ ጫካ ደግሞ ጭራሽ ከድሮው በላይ ያበራል። ጨረሩ ውሃው ላይ ይነጥራል፣ ከዚያ የዛፉን ግንድ መትቶ ቀጥታ ወደ ሳተላይቱ ይመለሳል። ለጫካ የሚሻለው 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሞገድ ያለው ራዳር ነው፣ ለምሳሌ የጃፓኑ አሎስ 2፤ ቅጠሉን አልፎ ግንዱና ውሃው ጋ ይደርሳል።

ከሁሉም የከፋው ከተማ ነው። ሕንፃና መንገድ በተጠጋጉበት ቦታ ጥላውም ነጸብራቁም ይደበላለቃል። ኦገስት 2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ቴክሳስ ሲመታ ኔደርላንድ በተባለች ከተማ አቅራቢያ 1,539 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዝግቧል። ሂዩስተን ውስጥ ሰፋፊ መኖሪያ ሰፈሮች ውሃ ገባባቸው። ክፍት ሜዳ ላይ ያለውን ውሃ ተራ የራዳር ካርታ በቀላሉ ሲያሳይ፣ በቤቶች መካከል ያለውን መንገድ የሞላው ውሃ ግን በአብዛኛው ያመልጠዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው የሚኖረው ሜዳው ላይ አይደለም።

የሰዓቱ ጉዳይ

አንድ ሴንቲነል 1 ወደ አንድ ቦታ በትክክል የሚመለሰው በ12 ቀን ነው፤ ሁለት ሲሆኑ በ6 ቀን። ምህዋሮቹ ስለሚደራረቡ ብዙ ቦታዎች ከዚህ ቶሎ ይታያሉ፣ ቢሆንም ክፍተቱ አለ። ሁለተኛው ሳተላይት በዲሴምበር 2021 ተበላሽቶ ሥራ አቆመ። ተተኪው የመጠቀው በዲሴምበር 2024 ነው። በመሃል ያለፉት ሦስት ዓመታት ለጎርፍ ካርታ ሠሪዎች ከባድ ነበሩ።

ውሃው ቶሎ የሚሄድ ከሆነ ሳተላይቱ ሳይደርስ ያልቃል። ረግቶ የሚቆም ጎርፍ ለካርታ ይመቻል። በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ ስትመታ የውሃ መከላከያ ግንቦቹ ተደርምሰው 80 በመቶ ያህሉ የከተማዋ ክፍል ተጥለቀለቀ፤ ውሃውም ለሳምንታት ቆመ። ላንድሳት ደጋግሞ ሊያነሳው ቻለ። ከተራራ ወርዶ በአንድ ሌሊት ሁሉን ጠርጎ የሚሄድ ጎርፍ ግን በብዙ ካርታዎች ላይ የለም። ካርታው የሚያሳየው ውሃው ከጎደለ በኋላ የቀረውን ኩሬ ብቻ ይሆናል።

ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ታሪክ ሁለቱንም ያሳያል። ማርች 14 ቀን 2019 ሌሊት ሞዛምቢክ ውስጥ ቤይራ አጠገብ ወደ የብስ ገባ። መጀመሪያ ወሬው ሁሉ ስለ ከተማዋ ነበር። ዝናቡ ግን ቀጠለ፣ የቡዚና የፑንግዌ ወንዞች ሞልተው ወጡ፣ ሴንቲነል 1 ማርች 19 ያነሳው ምስል ከቤይራ በስተ ምዕራብ ሐይቅ ባልነበረበት ቦታ ሰፊ ሐይቅ ተኝቶ አሳየ። አደጋው ከነፋሱ ወደ ውሃው መዞሩን የዓለም ሰው በዓይኑ ያየው በእነዚህ ምስሎች ነው።

የጊዜውን ክፍተት ለመሙላት አሁን ትናንሽ የራዳር ሳተላይቶች በብዛት እየመጠቁ ነው። ዶሪያን በሴፕቴምበር 2019 ባሃማስን ሲመታ ነፋሱ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር፤ ግራንድ ባሃማ ደሴት ላይ አንድ ቀን ገደማ ሳይንቀሳቀስ ተተከለ። ከላይ ደመና ብቻ ነበር። አይሳይ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ራዳር ግን አውሎ ነፋሱ ገና እዚያው እያለ አነሳው። በምስሉ ላይ አብዛኛው የደሴቲቱ ክፍል በባሕር ተውጦ ይታያል።

ቤቱ ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም?

ለዚህ 10 ሜትር ፒክሰል አይበቃም። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ድረስ የሚያሳዩ የንግድ ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ። ባለሙያው ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ሙሉ ነው? ተገልጦ ወራጁ ይታያል? ግቢው ውስጥ ፍርስራሽ ተበትኗል? አሜሪካና ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ከአውሎ ነፋስ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጣሪያ ላይ የሚዘረጋው ሰማያዊ ሸራ ከላይ በደንብ ስለሚታይ እንደ ጉዳት ምልክት ይቆጠራል።

ሥራውን ለኮምፒውተር ለማስተማር በ2019 ኤክስቢዲ የተባለ የምስል ስብስብ ወጣ። ከ850,000 በላይ ሕንፃዎች በአራት ደረጃ ተከፍለው ተለይተዋል፤ ያልተጎዳ፣ ቀላል ጉዳት፣ ከባድ ጉዳት፣ የወደመ። ሃርቪ፣ ማይክልና ፍሎረንስ ካደረሱት ጉዳት የተነሱ ምስሎች አሉበት። ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ተራርቀው በተሠሩ ሰፋፊ ቤቶች የተማረ ሶፍትዌር የቆርቆሮ ጣሪያዎች ተደጋግፈው ወደሚቆሙበት ሰፈር ሲወሰድ ይደናገራል።

ሰውም ይሳሳታል። በኖቬምበር 2013 ሃይያን ፊሊፒንስን ሲመታ ከ1,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች ማንም ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ መንገዶችንና ሕንፃዎችን ሳሉ። የመሠረት ካርታው በጣም ጠቅሟል። የጉዳት ደረጃ ምደባው ግን በኋላ መሬት ላይ ከተደረገ ቆጠራ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ቦታ አልገጠመም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከላይ የሚታየው ጣሪያ ብቻ ነው። እስከ ኮርኒሱ ውሃ የሞላበት፣ ፍራሹም እህሉም የበሰበሰበት ቤት ጣሪያው ካልተነካ "ያልተጎዳ" ይባላል።

ሌላ መንገድም አለ። በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ ፖርቶ ሪኮን ስትመታ የናሳ ተመራማሪዎች የሌሊት መብራቶችን ከጠፈር እያዩ የትኛው ሰፈር መብራት እንደተመለሰለት፣ የትኛው ለወራት ጨለማ ውስጥ እንደቀረ ተከታትለዋል።

ምስሉን ማን ያመጣል?

ከ2000 ጀምሮ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ የጠፈርና የታላላቅ አደጋዎች ቻርተር ይባላል። የአውሮፓና የፈረንሳይ የጠፈር ተቋማት ጀመሩት፣ የካናዳው ቀጥሎ ገባ፣ ሌሎችም ተከተሉ። አንድ አገር ሲመታ የአደጋ መሥሪያ ቤቱ ይደውላል፣ አባላቱ ሳተላይቶቻቸውን ወደዚያ አዙረው ምስሉን በነፃ ይሰጣሉ። ከ2012 ወዲህ አባል ያልሆነ አገርም በቀጥታ መጠየቅ ይችላል። በዚያው ዓመት የአውሮፓው የኮፐርኒከስ የአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎት ሥራ ጀመረ። የተባበሩት መንግሥታት የሳተላይት ማዕከል ዩኖሳት ደግሞ ከ2001 ጀምሮ አለ።

እንዲህ ያለ ካርታ እጅህ ሲገባ መጀመሪያ ቀለሙን አትመልከት። ምስሉ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት ፈልግ። ቀጥሎ ምስሉ የሸፈነውን ክልል ድንበር ፈልግ፤ ከድንበሩ ውጭ ያለው ነገር አልታየም። ኮፐርኒከስ በ2021 የጀመረው ሴንቲነል 1 ያነሳውን ሁሉ በራሱ እየመረመረ ጎርፍ የሚፈልግ አገልግሎት ከጎርፉ ካርታ ጎን ሌላ ንጣፍ ያወጣል። ራዳሩ ሊያይባቸው የማይችላቸውን ቦታዎች፣ ከተማውን፣ ጥቅጥቅ ያለውን ጫካ፣ የተራራ ጥላውን ለይቶ ያሳያል። ሁሉም ካርታ ሠሪ ይህን ቢያደርግ እመኛለሁ፤ ብዙው ግን አያደርገውም።

የክፍተቱን ስፋት ለመረዳት በ2021 የታተመውን የዓለም የጎርፍ ዳታቤዝ ማየት ይበቃል። ተመራማሪዎቹ ከ2000 እስከ 2018 የተመዘገቡ ከ3,000 በላይ ጎርፎችን ሞዲስ በተባለው የናሳ መሣሪያ ምስሎች ፈለጉ፤ መሣሪያው በየቀኑ ያነሳል፣ ፒክሰሉ ግን 250 ሜትር ነው። በአስተማማኝ ሁኔታ ካርታ ላይ ማስፈር የቻሉት 913ቱን ነው።